ባሕሩ ወሰደው ያለው ሰው

ቢሪቦ ኮኮናት ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ መዝፈን የሚወድ ሰው ነው። ጠዋትና ማታ ይወጣል፣ ከተቆረጠው እምቡጥ የተንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በጠርሙሱ ይቀዳል፣ ነፋሱ ዛፉን ሲያወዛውዘው እንኳ ዜማውን አያቋርጥም። አምሳ ስምንት ዓመት ሞላው፤ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ሻርክ አይፈራም፣ ማዕበል አይፈራም። የሚፈራው የሰው አፍ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መንደርተኛው ፊልም ሊያይ ወደ ማኔአባው፣ ወደ ትልቁ የመሰብሰቢያ ዳስ፣ ሲጎርፍ እሱ ከዛፉ አልወርድም ብሎ ቢቀር ደስ ባለው።

ሚስቱ ማሬታ ከሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። «ውረድ እንጂ። ተዋናይ ሆንኩ ብለህ ልታስለምነን ነው?»

«ራሴን አሞኛል።»

«ራስህንማ አሁን በፊልሙ እናየዋለን። ያኔም አሞት ከነበረ ይታወቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሪቦ ለአሳማው በረት ሊሠራ ድንጋይ አስፈለገው። በዚህች ቀጭን ደሴት ደግሞ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ከጎረቤቱ ከእማማ አኬታ የባባይ ጉድጓድ፣ ባባይ የሚባለውን ሥራ ሥር ከምታበቅልበት እርጥብ ጉድጓድ፣ ጀርባ ግን ሟች ባሏ ባሕር እንዳይገባ የካበው ግንብ ነበር። ቢሪቦ ባሕሩ ሲሸሽ እየጠበቀ፣ ከባሕሩ በኩል፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገ በታንኳ አጋዘው። ለማሬታ ከደቡቡ ጫፍ ያመጣሁት ነው አላት፤ በረቱንም በሲሚንቶ ለበጠው። ሌላ ድንጋይ ፈልጌ እተካለሁ ብሎ ነበር። ስንቱ ሰው እንዲህ ብሏል።

በየካቲት ትልቁ ሞገድ መጣ። በሳሳው ግንብ ገብቶ ጉድጓዱን ጨው ውሃ ሞላው። አኬታ አርባ ዓመት ሙሉ ቅጠል እያለበሰች ያሳደገችው ባባይ፣ ያ ለሠርግም ለለቅሶም የሚቀርበው ሥር፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በስብሶ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ሩታ የምትባል የዋና ከተማዋ የታራዋ ልጅ በገዛ ካሜራዋ ስለ ባሕሩ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ደሴቲቱ ላይ ወረደች። ጎረቤት ነህና አንተ ንገራት ተባለ። ቢሪቦም አፉ እንዳመጣለት «ባሕሩ ተነስቶ ግንቡን ከነድንጋዩ ወሰደው» አለ። እሱ ከደሴቲቱ ሳይወጣ ይህች ቃሉ ስንት አገር ዞረች። በሩቅ ከተሞች ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱባት አሉ። አሁን ሩታ ተመልሳ መጥታለች፤ የታሪኩ ባለቤቶች ስለ ፊልሙ የሚሉትን ሰምቼ ካልቀረጽኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ትላለች።

ማኔአባው ዙሪያውን ምንጣፍ ተጋርዶበት ጨልሟል። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጉረመርማል። ቢሪቦ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ ገባና በጎሳው ምሰሶ ሥር ተቀመጠ። ፊቱ ከስክሪኑ ላይ ገዝፎ ብቅ ሲል ሕፃናቱ ሳቁ። «ባሕሩ ተነስቶ...» ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው። 

ፊልሙ አለቀና ምንጣፎቹ ተገለጡ፤ ሩታም ካሜራዋን ተከለች። በዚህ መንደር ደንብ እያንዳንዱ ጎሳ በተራው አንድ ጊዜ ይናገራል። የተናገረ አይደግምም። የደገመ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ በማኔአባው ተራው ሲደርስ ይታለፋል፤ የልጆቹም ተራ አብሮ ይታለፋል። ከዚህ የባሰ ውርደት ቢሪቦ አያውቅም።

አስተያየቱ ተጀመረ። «ታንኳዬን አሳይታችሁ እኔን ተዋችሁኝ» አለ አንዱ። አንዲት ሴት ደግሞ «ዘፈኑ ምነው እንዲህ አስለቃሽ ሆነ? ሩታ እዚህ በነበረችበት ሳምንት ሙሉ ስንስቅ አልነበር? ሳቃችንን የት ጣልሽው?» ስትል ማኔአባው በሳቅ ሞላ። ሩታም አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ቢሪቦ ትንሽ ትንፋሽ አገኘ።

ተራው ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ ለሆኑት ለአባባ ዮቴባ ደረሰ። «መልካም ፊልም ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያን ግንብ ከአኬታ ባል ጋር አብሬ ክቤዋለሁ፤ ወገቤ ዛሬም ይመሰክራል። ባሕር ግንብ ሲያፈርስ ድንጋዩን እዚያው ይበትነዋል። ፊልሙ የባሕሩን ዳር ጥርት አድርጎ አሳይቶናል። አንድም ድንጋይ አላየሁም።»

 ሁለት ዓመት ማንም ያላስተዋለውን ይህ ክፉ ካሜራ ወለል አድርጎ አሳይቶት ኖሯል። አንገቶች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ተራውም የእሱ ነበር።

«ያን ቀን ሞገዱ... ሞገዱ ከባድ ነበር» አለ ምላሱ እየተሳሰረበት። «ሩቅ ነው የወሰደው። ፊልሙ እውነት ነው።»

ዮቴባ ለረጅም ጊዜ አዩትና እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፈ። ተራውም ወደ ቀጣዩ ጎሳ ሄደ።

መጨረሻ ላይ እማማ አኬታ ተናገረች። «እኔ ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ልጄ ታራዋ ሆኖ አይቶት፣ ባሕሩ አንዴ መንገድ ካገኘ አይተውሽም፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ ይለኛል። እስከ ዛሬ እንቢ ስል ነበር። ምናልባት ሰው ነው ያፈረሰው፣ ሰው ያፈረሰውን ሰው ይክበዋል እያልኩ። አሁን ግን ቢሪቦ በሁላችሁ ፊት ደገመው። ቢሪቦ ዋሽቶኝ አያውቅም። በሐሙሱ ጀልባ እሄዳለሁ። መሬቱን ማንም ይውሰደው።»

 ሩታ ካሜራዋን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። ቢሪቦ እግሮቹ እንዴት እንዳቆሙት አያውቅም፤ ብቻ ጎንበስ እንኳ ሳይል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማሬታ የልብሱን ጫፍ ጎተተችው።

«ተቀመጥ፤ ተራህ አልፏል» አሉ ደንቡን የሚያስከብሩት ዮቴባ።

«አውቃለሁ አባባ። ድንጋዩን እኔ ነኝ የወሰድኩት። ለአሳማ በረት።»

የማሬታ እጅ ከልብሱ ላይ ወደቀ። ዮቴባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚህ በኋላ እሱም ልጆቹም እዚህ ድምፅ የላቸውም፤ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

አኬታ ግን አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የመጨረሻዋ ተናጋሪ ናትና ተራዋ ገና አልተዘጋም፤ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ወደ እሱ ዞረች። «ልጄ፣ ድንጋዩ ቢመለስ ውሃው ይቀራል?»

ቢሪቦ ባሕሩ በየዓመቱ ከፍ እያለ መሆኑን ከዛፉ ጫፍ ያያል፤ ይህም እውነት ነው። ግንቡ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባልገባ፤ ይህም እውነት ነው። «አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅም። አንተ ግን የባሕሩ ጎረቤት ነህ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

 አሮጊቷ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። አሁንም፣ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላም፣ የሚላትን ልታምነው ነው። ቢሪቦ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።