በሥራ ቀን የተዘጋ ሱቅ

ሐጀራ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ካለ የገበያ ፎቅ ውስጥ የልጆች ጫማ ትሸጣለች። ማትሪክ አልፋ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር፤ በዚያው ክረምት አባቷ ሞቱና ሱቁን ጥላ የት ትሂድ? ቀረች። የማታ ኮሌጅ እንዳትገባ ክፍያው አይቀመስም፣ ሰዓቱም ከሥራዋ ይጋጭባታል። በ2004 ዓ.ም. ታዲያ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት አካውንቲንግ እንደሚያስተምር ሰማችና ተመዘገበች። የዓመቱ ክፍያ የማታ ኮሌጅ ለአንድ ሴሚስተር ከሚጠይቀው ያንሳል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ታነባለች፤ ደንበኛ ሲመጣ "ቁጥር ስንት ልስጥሽ?" ብላ ትነሳለች። አራት ዓመት እንዲህ ገፋችው።

ለማንም አልተናገረችም። ለምን ትናገር? የጎን ባለሱቁ ጋሽ ጀዋር፣ አንድ የሰፈር ልጅ በኢንተርኔት ሊማር ነው ሲባል "ዲግሪውንም በቴክስት ይልኩለታል?" ብሎ ፎቁን በሳቅ ያናጋ ሰው ነው። እስቲ አሁን ይሄ ምን ያስቃል? ሰው ሱቁን ሳይዘጋ መማሩ ነውር ነው?

የመጨረሻው ፈተና ማክሰኞ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ነበር። የላፕቶፗ ካሜራ እያያት፣ ስልኳን አጥፍታ፣ ብቻዋን ሆና ነው የምትፈተነው። ራጉኤል ጀርባ ያለው ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ስድስት ሰው ይኖርበታል። ስለዚህ ላፕቶፗን ይዛ ሱቋ ገባችና የላሜራውን በር ከውስጥ ስባ አወረደችው። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ማክሰኞ፣ ሱቅ ከተዘጋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ፊት ለፊት ሻንጣ የምትሸጠው እትዬ በለጥሻቸው ናት መጀመሪያ ያየችው። በሩ ላይ ቁልፍ የለም። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። "ወይኔ፣ ልጅቷ ብቻዋን ውስጥ ሆና እያለቀሰች ነው!" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ስምንት ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ጀዋር በሩን በጉልበቱ ሽቅብ ሰቀለው።

"ምነው ልጄ፣ እናትሽ ናቸው የሞቱት?"

ካሜራው ስምንቱንም አየ። "ሌላ ሰው ስለታየ ፈተናው ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ። ከአርባ ጥያቄ ሠላሳ አንዱን ሠርታ ነበር።

ሐጀራ ጮኸች። "ማንም አልሞተም! ውጡልኝ!" ብትል ማን ይስማት? ሐዘኑ አእምሮዋን ያሳታት መስሏት እትዬ በለጥሻቸው አንገቷን አቅፋ አብራት ታለቅሳለች። አይ መከራ!

ለዩኒቨርሲቲው አቤቱታ ጻፈች፤ ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው የገቡት አለች። "እንግዲያውስ የሞት ማስረጃ ላኪ" አሏት። የሞተ ሰው ከየት ታምጣ? አንድ ወር አመላልሰዋት በመጨረሻ አንድ ዕድል ሰጧት፤ ዳግመኛ ሰው ከታየ ትሰናበታለች። አራት ዓመቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

የፈተናው ዋዜማ፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ኮሪደሩ መሃል ቆመች።

"ስሙኝ! ነገ ሱቄን እዘጋለሁ። የሞተ ሰው የለም። አራት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት ዲግሪ ስማር ነበር፤ ነገ የመጨረሻ ፈተናዬ ነው። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ይሳቅና ይውጣለት! ነገ ያንን በር የነካ ግን ከኔ ጋር አይተዋወቅም!"

የሳቀ የለም። እትዬ በለጥሻቸው "ውይ፣ በሞትኩት!" ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ጀዋር ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሐጀራ፣ ያቺ ልጄ ሀስና፣ ወልዳ ቤት ከቀረች ወዲህ ትምህርቷ ሲቆጫት ነው የሚውለው። ለሷ ይሆናት ይሆን?"

ንዴቷ ገና አልበረደም።

"ይሆናታል ጋሼ። ረቡዕ ይላኩልኝ። ነገ ግን እርስዎንም እንዳላይዎት!"