በማርያም ዕለት ያልተቆጠሩት

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ደባርቅ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከርሜ፣ መረጃ ሰብሳቢ ተብዬ ወደ ገዛ መንደሬ ተላክሁ። ሥራው ለጤና ቢሮ የመንደራችንን ጤና ጣቢያ መመዘን ነው፤ የሚወጣበት ገንዘብ ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ይመጣጠናል ወይ? ካልተመጣጠነ አዋላጇ ወደ ደባርቅ ትዛወራለች። እህቴ ደግሞ ሆዷ ገፍቷል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ደባርቅ ማድረስ ምን እንደሆነ እናታችንን ጠይቋት።

ወቅቱ የእርሻ ነበር። አስተባባሪው፣ ከጎንደር የመጣ ጭቃ የሚጸየፍ ሰው፣ በሩ ላይ አስቀምጦ ታካሚ አስቆጠረኝ። በሬ ጠምዶ ማን ራሴን አመመኝ ይላል? ሳምንቱን ሙሉ የገቡ የወጡት ዶሮዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

«ባዶ ቤት! ለአንድ ታካሚ የሚወጣው ወጪ የትየለሌ ነው» አለ።

«በማርያም ዕለት እንቁጠር» አልሁት።

«በዓል ልዩ ቀን ነው። እኛ የምንፈልገው መደበኛ ቀን ነው።»

«ለገበሬ የመታከሚያው መደበኛ ቀን እኮ በዓል ነው! ያን ዕለት አያርስ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቁጠሪ አልሁሽ እንጂ አስተምሪኝ አላልሁሽም» ብሎ ሳቀ።

በሃያ አንድ እሱ ደባርቅ ወርዶ ዋለ። እኔ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ጢም አለ፤ የሚያስለው ሕፃን፣ የወገቡን ሕመም ሲደብቅ የሰነበተ አራሽ፣ ከመሃላቸው እህቴ። አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ነካ አደረጉኝ።

«እኛንስ አትቆጥሪንም እቴ? ወይስ ማርያምን ያከበረ በሽተኛ አይባልም?»

«እቆጥራለሁ እማማ» ብዬ አንድ ሳላስቀር ቆጠርሁ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለአስተባባሪው ብሰጠው «ከዕቅድ ውጭ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የባዶውን ሳምንት ቆጠራ ብቻ የያዘውን የራሱን ዘረጋልኝ፤ «ፈርሚ።»

«ዛሬ ለፊርማ መደበኛ ቀን አይደለም።»

«ሌላ ሥራ እንዳትጠብቂ!»

«አልጠብቅም።»

ውሳኔው እስካሁን አልተሰማም። እኔ ግን ዝም አልልም። በሚመጣው ሃያ አንድ የጤና ቢሮ ሰዎች መጥተው ካላዩ፣ ወረፋውን አስከትዬ ደባርቅ እወርዳለሁ። እህቴ ብቻ ትቀራለች፣ አዋላጇ አጠገብ።