ከአሶሳ ጎዴ አንድ ስንዝር

እኔን አሶሳ መደቡኝ፣ ባሌን ጎዴ። እኔ አስተማሪ፣ እሱ ነርስ። ከተጋባን ገና መንፈቅ አልሞላንም ነበር። አብዮቱ ከትዳር ይቀድማል የሚባልበት ዘመን ስለሆነ ማንም ይቅርታ አልጠየቀንም።

ዝውውር ልጠይቅ የገባሁበት ቢሮ ኃላፊ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ሄደና አውራ ጣቱን አሶሳ፣ ትንሿን ጣቱን ጎዴ ላይ አሳረፈ። "ይኸው፣ ስንዝር አይሞላም እኮ ጓድ" አለኝ። "በአውሮፕላን ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። ይሄ ርቀት ሆኖ ነው ከምድቤ ልነሳ የምትይው?" ያን ሰውዬ እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከአሶሳ ጎዴ የሚበር አውሮፕላን መች ነበረና! መጀመሪያ አዲስ አበባ መምጣት ነው። ከዚያ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መለመን፣ ከዚያ የጎዴውን በረራ መጠበቅ። ተራዬ ደረሰ ስል አንድ ካድሬ ወይ አንድ መኮንን ብቅ ይልና ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ለሌላ ሳምንት። ክረምቱም ግማሹ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይሄዳል። የተረፈችኝን አዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር እናቴ ቤት ተቀምጬ እጨርሳታለሁ። ባሌም ፈቃድ የሚያገኘው አለቃው ደስ ሲለው ስለሆነ፣ እሱ ሲመጣ እኔ አሶሳ ነኝ። እናቴ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አብሬያት እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠላል።

ስንለያይ በሆዴ የነበረችው ልጃችን እዚያው እናቴ ቤት ተወለደች። የአሶሳን ወባ፣ የጎዴን ሙቀትና ጦርነት ፈርተን እናቴ ዘንድ ተውናት። ከሁለታችን የመጣው ያያታል ብለን ነው። ከእናቴ ቤት በስተጀርባ ያለው አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ያኔ የጦሩ ነበር። ሄሊኮፕተር በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ልጄ ወደ ግቢ ወጥታ አባቷን ትጠራለች አሉ። መንገደኛ የሚወርደው ቦሌ ነው ቢሏት አትሰማም። በኋላ ግን መውጣቱን ተወችው።

እናቴን "እማዬ" ትላታለች፤ እኔን እንደ ታናናሾቼ "እትዬ"። አያት ያሳደገችው ልጅ ሁሉ እንዲያ ስለሚል በሰፈራችን ማንም አይገርመውም። እኔም አብረን መኖር ስንጀምር ይስተካከላል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል የባሌ ዝውውር ወደ አሶሳ ተፈቀደ። ልንወስዳት ልደታ ተገናኘን። እናቴ የልጅቱን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሻንጣ ውስጥ ከደረደረች በኋላ ነጠላዋን ደርባ ወደ ማርያም ሄደች። ስታለቅስ እንዳናያት ነው።

ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከእኔና ከአባባ ጋር አሶሳ እንደምትሄድ ነገርኳት። እማዬም ትሄድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እማዬ እዚህ እንደምትቀር፣ በዓል ሲመጣ መጥተን እንደምናያት ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። ከጭኔ ቀስ ብላ ወረደች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ የማላውቀውን ነገር እንደምታስረዳኝ ሁሉ ነበር የተናገረችው።

"ልጅ እናቱን ትቶ ይሄዳል እንዴ፣ እትዬ?"

ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እናትሽ እኔ ነኝ ልላት ፈለግሁ፤ ግን ምን ምስክር ነበረኝ? በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ተሳፈርን። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቅሁት ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አሶሳ እስክንወርድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።