የሩጫው ፈተና

ወልድያ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የጋራ ኮርሶችን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ለአካል ብቃት ኮርስ ማለፊያው የሩጫ ፈተና እንዲሆን ስንወስን ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ፈረምኩ።

ትምህርት እንደተጀመረ አንዲት የመርሳ ልጅ በክራንች ቢሮዬ ገባች። አንድ እግሯን በጦርነቱ አጥታለች።

“መምህር፣ እኔ በምኔ ልሩጥ?” አለችኝ።

“ይስተካከላል፣ ትንሽ ታገሺ” አልኳት።

መሮጥ ለማይችሉ ሌላ ፈተና የሚፈቅድ ማሻሻያ በዚያው ሳምንት ጽፌ አስገባሁ። ሰብሳቢው ግን “የጸደቀ ኮርስ በዓመቱ መሀል አይነካም” ብለው ለቀጣዩ ዓመት አስተላለፉት። ልጅቷ ኮርሱን ወደቀችና ትምህርቷን ተወች። ሻንጣዋን ሚኒባስ ላይ የጫንኩላት እኔ ነበርኩ።

በዓመቱ ማሻሻያው ጸደቀ። ደውዬ “አሁን ተመለሺ” አልኳት።

“ለሚመጡት ይሁናቸው መምህር፤ እኔስ በቃኝ” አለችኝ።