ከምግብ በኋላ

«ታዲያ ማን ነው ጹም ያለህ?» አሉኝ አከራዬ፣ ክዳን ያለው ሰሃን ይዘው በሬ ላይ እንደቆሙ። «ቄሱ ናቸው ወይስ ያ እልህህ?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ካልሲ ለማጥለቅ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አልሆነልኝም፤ ካልሲው እጄ ላይ ቀርቷል። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው እዚያ ላይ ነው። ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም አልኳቸው። ክኒኑስ? አሉኝ። ትቼዋለሁ፣ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው አልኩ። ይህን ስል ጭቅጭቁ ባሰ።

ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ የመጣሁት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነው። ቀን የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። እዚህ በመጣሁ በዓመቱ ጧት ጧት ወገቤ እንደ ደረቀ ቆዳ ይገተር ጀመር። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለኝ። ታሸሁ፤ ቅቤ ተቀባሁ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ነው፣ ጨርሶ አይለቅህም፣ ግን ይገራል አለኝ። በየጧቱ ሰውነቴን እንዳፍታታ፣ ጮማና ስኳር እንድቀንስ፣ ጎመንና ዓሣ እንዳበዛ ነገረኝ። ክኒኑን ደግሞ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ። ይህንኑ በወረቀት ጻፈልኝ።

አከራዬ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና በቃላቸው ያዙት። እኔ ሁለት ስንኝ ለመያዝ እንኳ ከዚያ በላይ እደክማለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመስቃን በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በርበሬው ከክኒኑ ጋር ሲሆን ሆዴን እንደሚያቃጥለው ሲያውቁ፣ ለእኔ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት ለዩ። ከዝዋይ ዓሣ ሲመጣም በእሷ ነው የሚሠሩልኝ። «የበርበሬ ነጋዴ አልጫ ትሠራለች ከተባለ ገበያዬ ተዘጋ» እያሉ ይስቃሉ። ለሐኪሙም፣ ለክኒኑም ምስጋና አለኝ፤ ለዚያች ድስት ግን የማቀርበውን ምስጋና እስካሁን ልጽፈው አልቻልኩም። ሕክምናውን በጀመርኩ በዓመቱ ከቤቴ እስከ መናኸሪያው ሳላርፍ መራመድ ችዬ ነበር።

ዘንድሮ የእኔ ሁዳዴና የአከራዬ ረመዳን ተገጣጠሙ። እኔም ክኒኑን ጧት በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ መጾም ጀመርኩ። ከሳምንት በኋላ ሆዴ ሲነድብኝ ክኒኑን ተውኩ። ክኒኑን ስተው ወገቤ እንደ ድሮው ተቆለፈ። ለማንም አልተናገርኩም። አከራዬ ግን ግድግዳ ይዤ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ አይተውኝ ኖሯል።

«በእኛ የታመመ ሰው ይበላል፤ ሲሻለው ቀኑን ይጾማል» አሉ። «በእናንተ የለም?»

በእኛም አለ። ንስሐ አባቴ ገና ጾሙ ሳይገባ በልተህ መድኃኒትህን ውሰድ ብለውኛል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ከሌሊቱ ምግባቸው በኋላ ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

«እማማ፣ እርስዎ ጾመው እየዋሉ፣ እኔ ወጣቱ ፊትዎ ላይ እንዴት እጎርሳለሁ?»

 እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምክንያቴ ይህ መሆኑን ለራሴም በቅጡ አልነገርኩትም ነበር። ገብተው ሰሃኑን አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡና ክዳኑን አነሱ። ትኩስ የቡላ ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅቤ የለም፣ ዘይት ነው። እኔ የምሟገትለትን ጾም እሳቸው ጠብቀውልኛል።

«ፊቴን ከሆነ ያፈርከው ይኸው ሄድኩልህ» አሉ። «ጨዉን አልቀመስኩትም፤ ካነሰህ ጨምርበት። ክኒኑን ደግሞ ከምግብ በኋላ።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በሩንም ከውጭ ሳብ አድርገው ዘጉልኝ።