የቡና ልጣጭ ጉድጓድ

ድሮ በሸኮ ዙሪያ የሚሸተው የከብት በረት ነበር። ኋላ ሰው ግጦሹን ሁሉ ቡና ተከለበት፤ ላሞቹ ተሸጡ። የቡና ማጠቢያ ሲከፈት ደግሞ ልጣጩን ከቤታችን ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው ይደፉት ጀመር። ሲበሰብስ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል!

ከሚዛን ከተማ አንድ ባለሙያ መጣ። «ሚቴን የሚባለው ጋዝ ባገራችን በብዛት የሚወጣው ከከብት ሆድና ከእበት ነው፤ አሁን ግን ከከተማ ቆሻሻና ከእንዲህ ያለው ጉድጓድም እየጨመረ ነው» አለን። በከንቱ ከሚበተን ወጥ ይሥራላችሁ ብሎ ጉድጓዱን በወፍራም ላስቲክ አስሸፈነው፤ ቧንቧም ወደ ማድ ቤቴ ዘረጋልኝ። «እሳት እንዳታስጠጉ!» ሲልም አስጠነቀቀን። ምድጃዬ ያለ እንጨት ሲነድ እልል አልኩ፣ ምን ልዋሽ።

ታላቅ ወንድሜ ማር ቆራጭ ነው። የእኛ አገር ማር ቆራጭ፣ ውስጡ የሚያጉረመርም ነገር ያለ ጭስ አይከፍትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ተዘጋና «ቆይ፣ እኔ ልየው» አለ። ላስቲኩ ሥር ሲንተከተክ ሲሰማ ተመልሶ የሚጤስ ችቦውን አመጣ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይሉ የለ!

«ኧረ እሳቱን፣ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጭስ እኮ ነው፣ ነበልባል የለውም» አለኝና የላስቲኩን ጠርዝ ገለጠ።

ምድር የተሰነጠቀች መሰለኝ። ወንድሜ ተወርውሮ ቡናው ሥር ወደቀ፤ የፊቱ ቆዳ ተገሽልጧል። «ዓይኔን! ዓይኔን!» ይላል።

ቡና የጫነ አይሱዙ መንገድ ላይ አስቆምኩ። ሾፌሩ «ቦታ የለኝም» አለ። ቦታ የለም? ደሜ ፈላ! ከኋላ ወጥቼ ጆንያውን እየጎተትኩ ጭቃ ውስጥ ወረወርኩለት። ሊያወርደኝ ሲታገል በክርኑ ጉንጬን አላጋኝ፤ እኔም ደም እስኪወጣ እጁን ነከስኩት። ዛሬም አይቆጨኝም። ጎረቤቶች ገላግለውን ወንድሜን ጫኑት፤ አማን ሆስፒታል ደረስን።

ፋሻው የተፈታ ዕለት መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት። ሐኪሙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ፊቴን ዳሰሰ፤ ያበጠው ጉንጬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማነው የመታሽ?»

«ተወው ጋሼ፣ በሞቴ።»

ካልጋው ዘሎ ተነሣ። «የታለ? አሳዪኝ!» ብሎ ጡጫውን ሰነዘረ። የመታው ግድግዳውን ነው፤ ሰው መስሎት ደገመው።