ሟች ራሳቸው ቀርበዋል

ዛሬ የአንድ ባንክ ነገረ ፈጅ ናት፤ ፍርድ ቤት ስትቆም ተከራካሪዎቿ ወረቀታቸውን ደግመው የሚያዩላት። ያኔ ግን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ተለማማጅ ነበረች። በባንኩ የሕግ ክፍል ሥራ በጀመረች ማግስት እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዳኛ ሆነች» ብላ አወጀች።

«እማዬ፣ ተለማማጅ ነኝ እኮ» ብትል ማን ሰምቷት።

«እሱማ ትሕትናሽ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ አክስቷ የጎረቤት ዛፍ ቅጠሉን ግቢዬ አራገፈብኝ ብላ ክስ ልታስጽፍ መጣች።

የ«ዳኛዋ» ችሎት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን የተጠጋች አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ወንበሯ ስለሚያነክስ አንዱ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሕግ ሥራዋ ፋይል መደርደር፣ ውል ማባዛትና ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ መፈልቀቅ ነበር። ጣቶቿ በቀለም ጠቁረው ቤት ስትገባ እናቷ «ዛሬም ብዙ ፈረድሽ?» ትላታለች።

አለቃዋን ሠራተኛው በሙሉ በሌሉበት «ነጠላ ሰረዝ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ውል ሲያነቡ የኖሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ካዩ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እያለከለኩ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ልጄ፣ የሕግ ሰው አንቺ ነሽ?»

ዙሪያዋን ቃኘት አደረገች። አለቃዋ ስብሰባ ገብተዋል፤ ከማሽኑ በቀር ማንም የለም።

«አዎ አባባ። ምን ልርዳዎት?»

«ማሽናችሁ ካርዴን ዋጠብኝ። ታች ያለችውን ልጅ ብጠይቃት ኮምፒውተሩን አየችና ክው አለች። ‹አባባ፣ እርስዎ ሞተዋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ይሂዱ› አለችኝ። አሳንሰሩ ስለማይሠራ በደረጃ መጣሁ።»

«ሞተዋል?»

«እኔም አሁን መስማቴ ነው።»

ስማቸውን ጠይቃ ፋይላቸውን አወጣች። እውነትም ወራሾች ያመጡት የፍርድ ቤት ማስረጃ ተያይዟል። የሰውዬው ስም ከነአባታቸው ስም በማኅተም ተረጋግጦ «ሟች» ተብሏል። ሥራ ሥራ ስትል የከረመች ልጅ፣ ሟች በእግሩ መጣላት!

«አባባ፣ ነገሩ ከባድ ነው። በፍርድ ቤት ሞተዋል። ነገ ይመለሱ፤ የሕግ አስተያየት እጽፍልዎታለሁ።»

«እስከ ነገ ድጋሚ ካልሞትኩ እመጣለሁ» አሉና እየሳቁ ወረዱ።

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ሰው ማለት ምን ማለት ነው፣ መብቱ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያበቃል፣ ሟች በራሱ ሞት ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል ወይ እያለች ስድስት ገጽ ጻፈች። መደምደሚያው እንዲህ ይላል፦ «ሟች በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ እስኪያቀርቡ ድረስ፣ ባንኩ እንደሞቱ ሊቆጥራቸው ይገባል።» ደስ አላትና ሁለት ቅጂ አተመች። አንዱን አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ትታ ሌላውን ለእናቷ ልታነብላት ቤት ወሰደችው።

እናቷ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማች።

«ሰውዬው ግን አጠገብሽ ቆመው አላወሩሽም?»

«አውርተውኛል።»

«ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እማዬ፣ በሕግ ዓይን ሲታይ...»

«ሕግሽ ዓይን ካለው አይቶ ይልቀቃቸዋ!»

በማግስቱ ማልዳ ቢሮ ገብታ ፋይሉን እንደገና ከፈተች፤ የፍርድ ቤቱንም ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሟች የአያት ስም ተጽፏል፤ የልብስ ሰፊው አያት ሌላ ናቸው። ሟቹ በሥራቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንዱ የባንኩ ሠራተኛ በስምና በአባት ስም ብቻ ፈልጎ የማይመለከታቸውን ሰው ቀብሯቸዋል። እሷ ደግሞ ስድስት ገጽ ስትጽፍ ሁለት ገጽ ማንበብ አቅቷታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አስተያየቱን ከአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ላንሳ ብላ ብትሮጥ፣ እሳቸው ቀድመው ገብተው እርሳሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ እሱን እንዳያነቡት!»

«አራተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ነጠላ ሰረዞችሽ አንድም ሳይቀር ቦታቸውን ይዘዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም።»

ዝም ብላ ምስጋናውን መቀበል ትችል ነበር።

«ሐሳቡ ግን ከሥሩ ስሕተት ነው። የሞቱት ሌላ ሰው ናቸው። ማስረጃውን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ነው የጻፍኩት።»

አለቃዋ እርሳሱን አስቀመጡ። እሷ መባረሯን ትጠብቃለች፤ ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ሁሉ አስባ ጨርሳለች።

«እኔ ስጀምር ምን እንደሠራሁ ታውቂያለሽ?» አሉ፣ በሩ መዘጋቱን አይተው። «ከሳሽና ተከሳሽ አቀያየርኩ። ባንኩ ላይ እንዲፈረድበት፣ በባንኩ ማኅተም ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። ዳኛው ሊፈርዱልኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። አለቃዋ እንዲህ ሲስቁ አይታ አታውቅም። ከዚያ ስድስቱን ገጽ በስድስት መስመር ሰረዙና ከታች ጻፉበት፦ «ደንበኛው በሕይወት አሉ። ይስተናገዱ።»

«የይቅርታ ደብዳቤውን ግን አንቺ ትጽፊያለሽ።»

ደብዳቤው ከስድስቱ ገጽ ይልቅ አደከማት። «በሞትዎ ምክንያት ለደረሰብዎ መጉላላት» ብላ ጻፈች፤ ተሰረዘ። «በሕይወት መኖርዎን ባንኩ ስለፈቀደ» አለች፤ እሱ ሲሰረዝ እርሳሱ ተሰበረ። በአራተኛው ሙከራ ማኅተም ተመታበት።

ሽማግሌው ሲመጡ የተመለሰላቸውን ካርድ ኪሳቸው ከተው ደብዳቤውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ማኅተሙ ያምራል» አሉ። «ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ ‹ሟች፣ ምግብ ቀርቧል› እያለች ስትጠራኝ ነው የዋለችው። ይሄን አሳያታለሁ።»

ደረጃው ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ደብዳቤ እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?»

መጽሐፍ አልገለጠችም፤ አለቃዋንም ዞራ አላየችም።

«እስካሉ ድረስ ነው፣ አባባ።»

«በይ እንግዲህ፣ አደራ፣ አንድ ቅጂ ፋይሌ ውስጥ አስቀምጪ» አሉና፣ መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ደረጃውን ወረዱ።